ይስተካከልልኝ ያልኩት ወለድ

የባንክ ወለድ ለማስቀነስ ያወጣሁት ወጪ ሃያ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ አራት ብር ከስልሳ ሳንቲም ነው። ለማመልከቻ ጸሐፊ መቶ ሃምሳ፣ ከሲቀላ ሴቻ ለተመላለስኩበት ባጃጅ ስምንት መቶ ሰማንያ፣ ለደስታ ለተበላ አሳ ሰባት መቶ፣ ቤት ለሚገምት መሐንዲስ ስምንት ሺህ፣ አማቴን ከኦቾሎ ለማምጣት፣ ለመመለስና ምሳ ለማብላት ስድስት መቶ ሃያ። የቀረውን አስራ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አራት ብር ከስልሳ ሳንቲም ባንኩ እኔን ሳያስቸግር ራሱ ቆርጦታል። ቤቱን በዚህ ሂሳብ ውስጥ አላስገባሁትም። የእሱ ገና አልታወቀም።

ሥራዬ ድርና ቡሉኮ ነው። ሲቀላ ገበያው ጠርዝ ላይ ባለች ሱቄ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከኦቾሎ፣ ለሚወርዱ ሽማኔዎች የፋብሪካ ድር እሸጣለሁ፤ የሸመኑትን ጋቢና ቡሉኮ መልሼ እገዛቸውና አዲስ አበባ እልካለሁ። የአዲስ አበባ ነጋዴ ዕቃውን ዛሬ ይረከባል፣ ብሩን «በሚቀጥለው ሳምንት» ይልካል። የእነሱ ሳምንት ሦስት ወር ሲፈጅ አይቻለሁ። ሽማኔው ግን የሚበላው ዛሬ ነው፤ ፋብሪካውም ድር የሚሰጠኝ በእጅ በእጅ ነው። በሁለቱ መሃል የሚገባ ብር ያስፈልጋል። ያንን ብር የሚያስገባልኝ ባንክ ነው፤ ስሙ ኦቨርድራፍት ይባላል። ከሂሳብህ ላይ የሌለህን ብር እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ እንድታወጣ ይፈቀድልሃል። ስታስገባ ዕዳው ይወርዳል፣ ስታወጣ ይወጣል፤ በየወሩ የመጨረሻ ቀን ወለዱን ራሱ ይቆርጣል፤ በየዓመቱ ይታደሳል። የእኔ ጣሪያ አራት መቶ ሺህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስፈርም ወለዱ አስራ አምስት ተኩል በመቶ ነበር። ያስያዝኩት ቤቴን ነው።

ቤቴን አልኩ እንጂ ቦታው የሚስቴ ነው። አማቴ፣ የእሷ አባት፣ ሲቀላ ውስጥ ቦታ በርካሽ በሚገኝበት ዘመን ሁለት በሬ ሸጠው ገዙላት። ሁለት በሬ ሸጦ ለሴት ልጅ ከተማ ውስጥ ቦታ መግዛት በዚያን ጊዜ ኦቾሎ ላይ ሰው አስቆባቸዋል። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ካርታው ግን በእሷ ስም ነው፤ ባንክ ቤትም አብራኝ ሄዳ የፈረመችው እሷ ናት። ስትፈርም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ካርታው መቼ ይወጣል?» አለችኝ። «በሁለት ዓመት» አልኳት። የእኔም ዓመት እንደ አዲስ አበባ ሳምንት ሆነ።

ነገሩን የጀመረችው እሷ ናት። ምሳ እየበላን ነበር። ከባንክ ያመጣሁትን የሂሳብ ወረቀት ከድስቱ ሥር አንጥፌው ኖሮ ድስቱን አንስታ ታነበው ጀመር።

«ይሄ በየወሩ መጨረሻ የሚቆረጠው ምንድን ነው?»

«ወለድ ነዋ።»

«ስንት ነው ያሉህ?»

«አስራ አምስት ተኩል በመቶ።»

«እና ያሉህን ከፈልክ? ዝም ብለህ?»

«ባንክ እኮ ነው።»

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ። «ለሃያ ብር ከአንድ ምስኪን ሽማኔ ጋር ግማሽ ቀን ትጨቃጨቃለህ። ባንኩን አንድ ቀን ቀንስ ብለኸው ታውቃለህ?»

ብዬው አላውቅም። ይሄ እስካሁን ያሳፍረኛል። በዕድሜዬ ሙሉ፣ መጀመሪያ የተጠራልኝን ዋጋ የከፈልኩበት ነገር ጥቂት ነው። ለሠርጌ የተከራየሁትን ድንኳን ዋጋ ሠርጉ ካለቀ በኋላ አስቀንሻለሁ። ጥርሴን የነቀለውን ሰው፣ ጥርሱ በእጁ እያለ፣ «ለአንድ ጥርስ ይሄ ሁሉ?» ብዬ ሃምሳ ብር አስመልሻለሁ። ባንክ ቤት ስገባ ግን ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት እቀበልና እንደ ተማሪ እቀመጣለሁ። መስተዋቱ ነው መሰለኝ። ከመስተዋት ኋላ ካለ ሰው ጋር ዋጋ ተከራክሬ አላውቅም፤ እጁን መያዝ አይቻልም።

በማግስቱ ባንኩ ወዳለበት ወደ ላይኛው የከተማው ክፍል፣ ወደ ሴቻ ወጣሁ። ለባንክ በቃል አይነገርም፣ በጽሑፍ ነው ብለውኝ ስለነበር በቅድሚያ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ከሚጽፍ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ድሮ አስተማሪ ነበር ይባላል። እስክሪብቶውን ሲያነሳ ትምህርት ቤት የገባሁ መሰለኝ።

«ምን ልበልልህ?»

«ወለዱ በዝቶብኛልና ቀንሱልኝ በልልኝ።»

እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠው። «ወንድሜ፣ ቀንሱልኝ የገበያ ቃል ነው። ሽንኩርት ነው የምትገዛው? ለመሥሪያ ቤት ‹እንዲስተካከልልኝ› ነው የሚባለው።»

እዚህ ላይ ልብ አላልኩም ብል ውሸት ነው። ይቺን ቃል አውቃታለሁ። ዋጋ ጨመረ የሚል ደብዳቤ ከማንም ደርሶኝ አያውቅም፤ ተስተካከለ የሚል ግን መሳቢያ ሙሉ አለኝ። ቤንዚን ሲስተካከል የባጃጅ ዋጋ ይስተካከላል፤ ዳቦ ሲስተካከል ዳቦው ያንሳል። እኔ ራሴ በዚያች ሳምንት ሱቄ በር ላይ «ውድ ደንበኞቻችን፣ የድር ዋጋ ማስተካከያ ማድረጋችንን በትህትና እንገልጻለን» የሚል ካርቶን ሰቅዬ ነበር። አንድ የጨንቻ ሽማኔ፣ ማንበብ የማይችል፣ ካርቶኑን አይቶ «ጨመራችሁ?» ብሎኛል። «ምኑን አነበብከው?» ስለው «ርካሽ ነገር በጽሑፍ አይነገርም» አለ።

ያን ሁሉ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ሰውየው የተማረ ነው፤ ጽሑፉም ያምራል። «በትህትና አመለክታለሁ» ብሎ ሲጀምር ራሴን ወድጄው ነበር። ምን ያህል ይስተካከል፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ አልተጻፈም። «ለእነሱ ትተህላቸው ስትጠይቅ ነው ደስ የሚላቸው» አለኝ። መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። እንኳን ልከራከር፣ መልሴን ሳልቆጥር ኪሴ ከተትኩ።

ባንክ ቤት የብድር ሥራ የምትሠራው ወጣት ሴት ናት። በጣም ሰው አክባሪ ናት፤ ይሄንን የምለው ከልቤ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ቢሆንልኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማመልከቻዬን አንብባ ኮምፒውተሯን ስትነካካ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ወለድ አስራ አምስት ተኩል ነው?»

«ነው የኔ ልጅ።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«ይሄማ ልክ አይደለም!» አለች። ጎኗ የተቀመጠውን ልጅ ጠርታ አሳየችው። እሱም ጎንበስ ብሎ አየና «ውይ፣ ይሄ እንዴት ሳይስተካከል ቀረ?» አለ።

እኔ መስተዋቱ ማዶ ቆሜ ልቤ ሞቀ። እነዚህ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይባርካቸው፣ የበዛብኝ መሆኑን አይተው ደነገጡልኝ ብዬ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስንገፈፍ አንድ ሰው እንኳ ልክ አይደለም ያለልን አልነበረም። «ተባረኩ» አልኳቸው። እሷም «ችግር የለም ጋሼ፣ እናስተካክለዋለን» አለችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ከአባያ የመጣ ትኩስ አሳ የሚሸጡበት ጋ ባጃጁን አስቆምኩና ሰባት መቶ ብር ከፍዬ ገዛሁ። ያንን አሳ ስንበላ ሚስቴ «አየህ? አፍ ካለህ ይሆናል» አለችኝ። በዚያን ቀን በትዳራችን ውስጥ ትክክል የነበረችበትን ሌላ ነገር ሁሉ ዘረዘረች፤ ሁሉንም ተቀበልኩ።

በሳምንቱ የባንኳ ልጅ ደወለችልኝ። ማስተካከያው እንዲጸድቅ ቤቱ እንደገና መገመት አለበት አለች። ገማቹ መሐንዲስ ስምንት ሺህ ብር ነው የሚያስከፍለው፤ የሚከፍለው ደንበኛው ነው። ይሄንንም እንደ መልካም ምልክት ቆጠርኩት። የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ሲያገላብጡለት ደስ ይለዋል፤ የማይገዛ ሰው አያገላብጥም። መሐንዲሱ መጣ፤ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ማንጎ ቆመና አየው፣ አንድ የበሰለ ቀጥፎ እየበላ በሜትር ለካ። ቤቱ ከድሮው ይልቅ ብዙ ያወጣል ብሎ ጻፈ። ሚስቴ በኩራት ሻይ አፈላችለት። ቤትህ በባንክ ተይዞ ዋጋው ሲጨምር የሚደሰተው ማን እንደሆነ ያኔ ማሰብ ነበረብን።

ደብዳቤው የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቁጥር አለው። እንዲህ ይላል፦ «ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት የወለድ ምጣኔዎ ከአስራ አምስት ነጥብ አምስት በመቶ ወደ አስራ ዘጠኝ በመቶ የተስተካከለ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን።»

በደስታ የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሥሩ ሁለተኛ አንቀጽ ነበረ። የተሻሻለው ወለድ ለደንበኞች ሁሉ ተግባራዊ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ያለው የአስራ አራት ወር ልዩነት ከሂሳብዎ ተቀናሽ ሆኗል ይላል። ሂሳቤ ቀድሞውኑ ጣሪያው ሥር ነበር፤ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት ሺህ ላይ። ልዩነቱ ሲቆረጥ ጣሪያውን ቀድዶ ወጣ፤ አራት መቶ አስራ አራት ሺህ ሁለት መቶ አራት ብር ከስልሳ ሳንቲም።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። የጨንቻ ልጅ ነው፤ አባቱ ድር ከእኔ ይገዛ ነበር፤ ያውቀኛል። ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«እኔ የጠየቅኩት እንዲቀንስ ነው።»

ፋይሉን አገላብጦ ማመልከቻዬን አወጣ፤ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ‹እንዲስተካከልልኝ› ነው የሚለው።»

«እሱ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው ብሎኝ ነው።»

«ነው። የመሥሪያ ቤት ቃል ነው» አለ፤ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልቻለም፤ እኔም ከእሱ ጋር ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ ፋይሉን ዘጋው። ከዓመት በላይ ይሆነዋል፣ አለኝ፣ የሁሉም ደንበኛ ወለድ ወደ አስራ ዘጠኝ ወጥቷል። የእኔ ፋይል ከአሮጌው ቅርንጫፍ ወደዚህ ሲዛወር ተዘልሎ ኖሯል። ማንም አላየውም።

«እና እኔ ባልጠይቅ ኖሮ?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «እርስዎ ባይጠይቁማ ማንም አያየውም ነበር፣ ጋሼ።»

«በቃ እንደነበር ይመለስልኝ። ማመልከቻውን አንስቻለሁ።»

«ሲስተሙ ወደ ኋላ አይሄድም።»

«አስራ አራት ወር ወደ ኋላ ሄዶ የቆረጠውስ?»

«ለመቁረጥ ይሄዳል» አለ፤ አነጋገሩ ላይ ቀልድ የለበትም። ከዚያ የባሰውን ነገረኝ። የዓመቱ እድሳት የወሩ መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ቀን ማታ ሂሳቡ ሲዘጋ ከጣሪያው በላይ አንድ ሳንቲም ቢገኝ ሲስተሙ እድሳቱን አይቀበልም። ካልታደሰ ዕዳው በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። በሙሉ ካልተከፈለ ደግሞ የተያዘው ንብረት። እሱ «ንብረቱ» አለ። እኔ የሰማሁት ሁለት በሬ ነው።

ለሚስቴ ስነግራት ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ደብዳቤውን ይዛ ወጥታ ማንጎው ሥር ተቀመጠች፤ ስትመለስ «ለአባዬ ደውዬለታለሁ» አለችኝ። ያቺን ሌሊት በጥፊ ብትመታኝ ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አማቴ በማግስቱ ጠዋት ከኦቾሎ ወርደው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ቡሉኳቸውን ለብሰዋል፤ በሲቀላ ሙቀት! በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል። የእኛን አገር ለማያውቅ ሰው ልናገር፦ ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከልህ እምቢ ማለት አይቻልም። ደም ቢሆን ይቀራል። እምቢ ብትል ጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት ከአንተ አልፎ ልጆችህ ላይ፣ ከብትህ ላይ፣ እህልህ ላይ የሚደርስ ነውር ነው። እሳቸው በዚህ ሳር ስንት ተኳራፊ ያስታረቁ፣ ስንት ዱላ ያስጣሉ ሰው ናቸው።

«አባ፣ ይሄ የባንክ ነገር ነው» አልኳቸው።

«ባንኩ ውስጥ ያለው ሰው አይደለም?»

«ሰው ነው።»

«የማነው ልጅ?»

የሥራ አስኪያጁን አባት ነገርኳቸው። «አውቀዋለሁ» አሉ፤ «ታዲያ ምን አስጨነቀህ?» ለአንድ አፍታ፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔም አመንኩ። ያለኝን ሁሉ ሞክሬ ነበር፤ የቀረው ሳር ነው።

በሩ ላይ ዘበኛው ሰው ሁሉ ይፈትሻል። ሳሩን ሲያይ መፈተሻውን ወደ ኋላው ደብቆ ገለል አለ። ወረፋ የያዘው ሰውም ተከፈለ። ሥራ አስኪያጁ በመስተዋቱ ሲያየን ስልክ ላይ ነበር፤ ስልኩን ሳይዘጋ አስቀመጠው። አማቴ ገብተው ጠረጴዛው ፊት ለፊት በሁለት ጉልበታቸው ወረዱ፤ ሳሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

«አባ! ኧረ በፈጣሪ! እኔን ጎሜ ሊያስይዙኝ ነው?» ብሎ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና እሱም በሱፍ ሱሪው ተንበረከከ። ሳሩን ተቀበለ። የብድር ባለሙያዋ በሩ ላይ ወረቀት ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት በጋሞኛ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ።

«ልጄ አጥፍቷል» አሉ አማቴ፤ ልጄ ያሉት እኔን ነው። «ያልገባውን ቃል ጽፏል። ይቅር በለው። እንደ ነበረው አድርግለት።»

«አባ፣ ሳሩን ተቀብያለሁ። እኔ በበኩሌ ምንም ቂም የለኝም፤ ድሮም አልነበረኝም። ወለዱን የጨመረው እኔ አይደለሁም። አዲስ አበባ ነው።»

«አዲስ አበባ ያለው ማነው? ስሙን ንገረኝ። ሳር ይዤ እሄዳለሁ።»

«አንድ ሰው አይደለም። ኮሚቴ ነው።»

«ይሁን፤ ለኮሚቴ እንበረከካለሁ። የት ነው የሚቀመጠው?»

«በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባል አባ። ሰዎቹም ይቀያየራሉ። የሚወስኑትን ሲስተሙ ውስጥ ያስገቡታል፤ ከዚያ በኋላ እነሱም አይነኩትም።»

 በአማቴ ፊት ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ለብዙ ዓመት የሚያውቁት መንገድ ላይ ሄደው ሄደው ድልድዩ የሌለ ቦታ የደረሱ ሰው ነው የመሰሉኝ። «ሲስተሙ ሽማግሌ የለውም?» አሉ መጨረሻ ላይ። ሥራ አስኪያጁ በእጁ ያለውን ሳር አየ። ሁለቱም ገና ተንበርክከው ነበር፤ መጀመሪያ ማን እንደሚነሳ አላወቁም። እኔ ሁለቱንም በብብታቸው ይዤ አነሳኋቸው።

ሥራ አስኪያጁ በእጁ ያለውን ሥልጣን ሁሉ ፈለገልን፤ ይሄንን አልክድም። ያገኘው ለደብዳቤው የሚከፈለውን ሃምሳ ብር የአገልግሎት ዋጋ ነው። እሱን ማረኝ። ሳሩን መጣል ነውር ነውና ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማህተሙ ጎን አስቀመጠው።

አማቴን ምሳ አበላኋቸው። ብዙ አልበሉም። መኪና ላይ ሳሳፍራቸው «ካርታውስ?» አሉኝ።

«ይወጣል አባ።»

«እህ» አሉ።  እሳቸው እህ ሲሉ እንዳላመኑ ሚስቴ ነግራኛለች።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ የማውቀው ሥራ ነው፤ መሸጥ። ሱቅ ውስጥ የነበረውን ቡሉኮ ሁሉ ከገዛሁበት በታች ሸጥኩ፤ የዚያን ኪሳራ ሌላ ደብተር ላይ ነው የጻፍኩት፤ እዚህ አልቆጠርኩትም። አዲስ አበባ ላለው ባለዕዳዬ ደወልኩ። «በሚቀጥለው ሳምንት» አለኝ። ሳር ይዤ ልመጣብህ ነው ስለው ሳቀ፤ ከጨንቻ የሄደ ሰው ነው፤ ግን እየሳቀ ከሚጠበቅበት ሩቡን ላከ። አንድ ሽማኔም መጣ፤ ያው ማንበብ የማይችለው። «ድሩን አስተካክልልኝ» አለኝ። «ሁለተኛ ይቺን ቃል እዚህ ቤት እንዳትናገር» አልኩት። «ቀንስልኝ በል።» «ቀንስልኝ» አለ። አልቀነስኩለትም፤ ከየት አምጥቼ። ግን ካርቶኑን አወረድኩና «ድር ጨምሯል» ብዬ ጻፍኩበት።

የወሩ መጨረሻ ቀን ጠዋት ያለኝን ይዤ ሴቻ ወጣሁ። ሂሳቤን ሠርቼ ነው የሄድኩት። የዚያን ቀን ማታ የወሩ ወለድ እንደሚቆረጥ አውቃለሁ፤ ሰላሳ ዓመት የነገድኩ ሰው ነኝ። ጣሪያው ሥር ለወለዱ የሚሆን ቦታ መተው አለብኝ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አምስት ሺህ አራት መቶ ይበቃዋል አልኩ። ስለዚህ ዕዳው ሦስት መቶ ዘጠና አራት ሺህ ስድስት መቶ ላይ እስኪወርድ ድረስ አስገባሁ። ሦስት ሺህ ብር ተረፈኝ። እሱን ለነገ ድር መግዣ ኪሴ ውስጥ መለስኩት፤ ድር ከሌለ ሽማኔ አይመጣም፣ ሽማኔ ካልመጣ ቡሉኮ የለም።

ልጅቷ ደረሰኙን ስትሰጠኝ ሥራ አስኪያጁን በመስተዋቱ አየሁት፤ እጁን አነሳልኝ። ሳሩ ብርጭቆው ውስጥ አለ፤ ቢጫ ሆኗል፤ አልጣለውም።

ለሚስቴ «አለቀ፣ ከጣሪያው በታች ነን» አልኳት። እራት ቀረበ። በልተን ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ፤ የባንኩ መልእክት ነው። ወለድ ተቀናሽ፣ ስድስት ሺህ አምስት መቶ አስራ ሁለት ብር ከሰላሳ አምስት ሳንቲም።

አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ ያሰብኩት በአስራ አምስት ተኩል ነው። ጣቴ የለመደው እሱን ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ያነበብኩ፣ ለአማቴ ያስረዳሁ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተከራከርኩ ሰው፣ ጠዋት ስቆጥር በአሮጌው ቆጥሬያለሁ። ሦስቱ ሺህ ብር ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ኮቴ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ምንድን ነው?» አለችኝ ሚስቴ።

ስልኩን ሰጠኋት። እሷም የመጨረሻውን መስመር አነበበችው።

ቀሪ ሂሳብ፦ ሲቀነስ አራት መቶ አንድ ሺህ አንድ መቶ አስራ ሁለት ብር ከሰላሳ አምስት ሳንቲም።